የዘጠኙ ቤት ሽቦ

ወንድሜ ጦሩ በተበተነበት ዓመት ከሰሜን ሲመለስ የያዘው አንድ የወታደር ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለሉ ጥቂት መፍቻዎች ብቻ ነበር። ግንባር ላይ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ፣ ከገደሉ አፍ ብዙም የማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበርና እኔ ዘንድ ገባ። እናታችን ኦቾሎ፣ ተራራው ላይ ነው የምትኖረው። እሱ ግን እዚያ ወጥቶ መቀመጥ አልፈለገም። «እዚያ ላይ ነፋሱ ግንባርን ያስታውሰኛል» አለኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ በላይ አላብራራም።

በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ልጅ ሳለሁ አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ እሱ ነው። ሲመለስ ግን እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ሆኖ መጣ። በመጣ በሳምንቱ መናኸሪያ ላይ የአንድ አውቶብስ ረዳት ጥርስ ሰበረ፤ ጥፋቱ ሻንጣዬን ከመኪናው ጣሪያ ላይ መወርወሩ ነበር። ሌላ ቀን ጠዋት አልነድ ያለ የጋዝ ምድጃ አንስቶ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፣ ከዚያ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ ሲያበቃ ቁጭ ብሎ ጠገነው። እኔን ግን ነክቶኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረው ነበር። ሰው ስለ ጠባዩ ሲያነሳብኝ «እኔን ነክቶኝ አያውቅም» እል ነበር።

በኛ በኩል ቴሌቪዥን በደንብ አይዝም። ቴሌቪዥን ያለን የኛን አሮጌ ጥቁርና ነጭ ጨምሮ ዘጠኝ ቤቶች ነበርን፤ አንዱ ድምፅ ብቻ ያገኛል፣ ሌላው ምስል ብቻ። ወንድሜ በጓሯችን ረጅም የብረት ቱቦ ተከለ። ጫፉ ላይ አንቴና ሰቀለ፣ ከሥሩ ሞገድ የሚያጎላ ቡስተር አደረገ፣ ከዚያ ሽቦ በአጥርና በማንጎ ዛፍ ላይ እየጎተተ ለስምንቱም ጎረቤት አዳረሰ። ሽቦዎቹ የሚገናኙት በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳችን ላይ በሚስማር በተመታች የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር። የማን የማን እንደሆነ ለመለየት እናቴ ከላከችልኝ የጥጥ ክር ቀለም ቀለሙን መርጦ በየሽቦው ጫፍ አሰረ። መጀመሪያ ምስል የመጣ ቀን ሰዎቹ በየአጥሩ እየወጡ ስሙን ጠርተው መረቁት። ያን ቀን ሲስቅ አየሁት፤ ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ችግሩ ነገሩ አንድ ሳምንት እንኳ ቀጥ ብሎ አለመሥራቱ ነው። ከአባያ ሐይቅ የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ቱቦውን ያወዛውዘዋል። ጦጣዎች ሽቦው ላይ ይንጠለጠላሉ። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቄራ ውሎ ጠግቦ ይመጣና አንቴናው ላይ ሲያርፍ ዘጠኙም ቤት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ወዲያው ከየአጥሩ «ኧረ ጠፋ!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ወንድሜ ያን ጩኸት አይችለውም ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ወርውሮ የአንዱን አባ ኮዳ ክንፍ ሰበረና ጓሮ ውስጥ በቱቦ ቁራጭ ሲቀጠቅጠው በመስኮት አየሁ። ወፉ ቶሎ አልሞተም። ወንድሜም ከሞተ በኋላ አላቆመም።

ከአጥራችን ማዶ ያለው ጎረቤታችን የሙዝ ነጋዴ ነበር። የጫኖ ሰው ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ማሳ ነበረው፣ በጋሪ እያስጫነ ለአዲስ አበባ መኪኖች ያስረክባል። ትከሻ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያከብር፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰው። ስለማይጠጣ ሰፈሩ ሁሉ ጨዋ ይለዋል። ሚስቱ የሶዶ ልጅ ናት፣ በእኔ ዕድሜ፤ በጸሎት ቤታቸው መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ልብስ ስታጥብ ስትዘምር ድምፅዋ አጥሩን አልፎ ይሰማኝ ነበር።

ሌላም የሚሰማኝ ነገር ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ጨዋታ ሲተላለፍ የነጋዴው ክለብ ከተሸነፈ፣ መጀመሪያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጠፋል። ከዚያ የሆነ ነገር ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። እሷ አትጮኽም። የማትጮኸው ለምን እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ፤ ስትጮኽ ይብስበታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቦኖ ላይ ተራ ይዤ ሳለ ሚስቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ መጣች። ጀሪካኗን ከኔ አጠገብ አስቀመጠችና መዳፏን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። በመሀረብ ውስጥ ጥርስ ነበር፣ ከነሥሩ።

«ወድቄ ነው አልልሽም» አለች። «ላንቺ አልዋሽም።»

«ለጸሎት ቤታችሁ ሽማግሌዎች ንገሪ» አልኳት።

«ነገርኩ። ጸልዪለት አሉኝ።» ጥርሱን መልሳ ጠቀለለችው። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ወፉ የተቀመጠ እሑድ ምስሉ ሲጠፋ ተናዶ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረደ። ሻይ ቤት ገብቶ ጨዋታውን አየ። ክለቡ ያን ቀንም ተሸንፎ ነበር። ግን ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ ደክሞት መጣ፣ በልቶ ተኛ። አልነካኝም።»

ጀሪካኔን ከቧንቧው ሥር አስጠጋሁ።

«ሽቦው ያለው እናንተ ቤት ነው» አለች።

በቀጣዩ እሑድ፣ ጨዋታው ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሳጥኗን ከፍቼ ቀይ ክር የታሰረበትን ሽቦ ያዝኩ። ሙሉ በሙሉ አልነቀልኩትም፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን መዳብ እስክትላቀቅ ብቻ ሳብ አደረግኩት፣ ለሚያየው ሰው የተገናኘ ይመስላል። ከአጥሩ ማዶ ሲሳደብ ሰማሁ። ከዚያ የግቢያቸው በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ እርምጃው ወደ ቁልቁለቱ ራቀ። ትንሽ ቆይታ ሚስቱ መዘመር ጀመረች። እኔም ሳጥኗ አጠገብ ቆሜ ሳቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ አያውቅም።

ሰባት እሑድ እንዲህ አደረግኩ።

ያላሰብኩት ወንድሜን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ነጋዴው መጥቶ «የሌላው ሰው ሁሉ ይሠራል፣ የኔ ብቻ ነው የሚጠፋው» አለው በትህትና። ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር በእጁ እየዳሰሰ ፈተሸ፣ ምንም አላገኘም። ሳጥኗን የሠራት ራሱ ስለሆነ አልጠረጠራትም፤ ደግሞ እሱ ሳይደርስባት እኔ መልሼ አገናኘዋለሁ። በየሳምንቱ በዚያ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ጣሪያ ላይ ይውላል። ቆርቆሮው ጉልበቱን አቃጠለው። ማታ ማታ በቫዝሊን ሲያሸው «የማላውቀው ነገር አለ» ይለኛል። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።» ሥራው እንከን የለሽ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ሽቦውን በሙሉ ቀየረለት። እኔ እራት አቀርባለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ነጋዴው ትህትናውን ተወው። መንገድ ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «ሆን ብለህ ነው የምታጠፋብኝ» አለው። በስድስተኛው ሳምንት አጥሩ ላይ ቆሞ፣ «የተሸነፈ ወታደር ደግሞ ምን ሽቦ ያውቃል!» አለ። ወንድሜ ወደ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን በጭኖቹ መሃል ቀበራቸው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ብነግረው አጥሩን ዘሎ ሰውዬውን እንደሚገድለው፣ ካልሆነም እሷ እንደምትጋለጥ አሰብኩና ዘጋሁት። ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበር፤ ወንድሜን ፈርቼው ነበር።

በሰባተኛው እሑድ ጨዋታው ትልቅ ነበር፣ ከተማው ሁሉ የሚጠብቀው። መዳቧን ሳብኩና ወደ ቤት ተመለስኩ። ወንድሜ እንዳይጠፋበት ሰግቶ አስቀድሞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቱቦውን በእጁ ደግፎ ይዞ ነበር። የነጋዴው በር ተከፈተ፤ እርምጃው ግን ወደ ቁልቁለቱ አልሄደም። ወደ ኛ መጣ።

በእጁ ሙዝ የሚመለምልበት ገጀራ ነበር። በአጥራችን ላይ ያለፉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቆረጣቸው። ከየቤቱ «ጠፋ!» የሚል ድምፅ በየተራ ተሰማ፣ እሱ ወደፊት በሄደ ቁጥር ጩኸቱ አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ቱቦው የታሰረበትን እንጨት መምታት ጀመረ።

«አንተ!» አለ ወንድሜ ከላይ። «ተው። ሰው አለበት።»

«ውረድ» አለው። «ወርደህ አንተ አስተወኝ።»

ወንድሜ ዘሎ ወረደ። ከጣሪያው ጠርዝ እስከ መሬት ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ነው፤ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ሲቀጭ ሰማሁ፣ እሱ ግን አላነከሰም። በአናቱ የነጋዴውን ደረት መታው። ሁለቱም ወደቁ፣ ተነሱ፣ ዳግም ተያያዙ። የነጋዴው አፍንጫ ደማ። ወንድሜ ጉሮሮውን ይዞ ከግድግዳው ጋር ሲያጋጨው ሳጥኗ ተገንጥላ ወደቀች። ነጋዴው ወደ ታች ተንሸራቶ በነፃ እጁ ገጀራውን ከመሬት አነሳ።

እኔ ያን ጊዜ በሩ ላይ ነበርኩ። እንዴት መሃላቸው እንደገባሁ አላስታውስም። ግራ እጄን ዘርግቼ «በቃችሁ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ስለቱ ሲወርድ ሕመም አልነበረውም። ድምፅ ብቻ ነበር፣ እርጥብ የሙዝ ግንድ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት። እጄን ሳየው ትንሿ ጣቴና አጠገቧ ያለችው የሉም። ደሙ እስኪመጣ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መጣ።

ገጀራው ከነጋዴው እጅ ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እሷን አይደለም» አለ፣ «እሷን አይደለም፣ እሷን...» ሳይጨርስ ወንድሜ የቱቦውን ቁራጭ አንስቶ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። ሲወድቅም አልተወውም። እንደ ወፉ ነበር የሚመታው፤ በተመሳሳይ ርቀት፣ በተመሳሳይ ትንፋሽ። ሚስቱ እየሮጠች መጥታ ከላዩ ተደፋችበት። ያ ጥርሷን ያወለቀ ሰው ላይ ሙሉ አካሏን ዘርግታ ተኝታ ቀና ብላ ወንድሜን አየችው። ቱቦው ከአናቷ በላይ ቆመ። ጎረቤቶች ከኋላ ያዙት።

በአንድ ጋሪ ነው ወደ ሆስፒታል የወሰዱን፣ እኔንና ነጋዴውን፣ የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት የራሱ ጋሪ። እሷ በመሃላችን ተቀምጣ በአንድ እጇ በነጠላዋ የተጠመጠመ እጄን ወደ ላይ ይዛ፣ በሌላው የሱን ራስ ደግፋ። ጋሪው በነጠረ ቁጥር እሱ ያቃስታል። አንድ ጊዜ ዓይናችን ተገጣጠመ። ለመናገር ሞከረ፤ ከመንጋጋው ደም ብቻ ወጣ። እሷ ወደ እኔ አጎንብሳ በጆሮዬ «ብትናገሪም ባትናገሪም አልፈርድብሽም» አለችኝ።

አልተናገርኩም። ፖሊስ ሲጠይቀኝ በሽቦ ተጣልተው ነው አልኩ። ወንድሜ ጥቂት ሳምንታት ታስሮ በዋስ ወጣ። የነጋዴው መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ክረምቱን በሾርባ ከረመ። በዚያ ክረምት ከጫኖ የመጡ ወንድሞቹ በጠራራ ፀሐይ ጣሪያችንን በድንጋይ ደበደቡት። ከገበያ ስመለስ አንደኛው ፊቴ ላይ ተፋ። ወንድሜ ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሽፍታ ጩቤ የሚያህል ቢላዋ ሞረድ ላይ ይስላል። «ሁለት ጣት» ይላል ለራሱ። «ሁለት ጣት ነው የምፈልገው።» ስለ ኔ ብሎ መሆኑ ነው የከበደኝ። የተሸፈነ እጄን ባየ ቁጥር ሞረዱን ያነሳል።

ወሬው ኦቾሎ ሲደርስ ሽማግሌዎች መልእክት ላኩ። የመስቀል በዓል እየቀረበ ነበር። በጋሞ አገር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ መስቀል አይገባም፤ ደም ያለባቸው ሰዎች ካሉ ደግሞ ነገሩ የመንደሩ ሁሉ ነው። ነጋዴው ፕሮቴስታንት ቢሆንም፣ የበዓሉን ሥርዓት ባይቀበልም፣ የሽማግሌ ጥሪ ግን እምቢ አላለም። ከሚስቱ ጋር እንደሚመጣ ላከ።

እኛ ቀደም ብለን ከመንገድ ዳር ከመኪና ወርደን ተራራውን በእግር ወጣን። በማግስቱ የመንደሩ አደባባይ ሰው በሰው ሆነ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ከተቆረጠ ወዲህ እጄን ረስቼ የዋልኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው። አዲስ ተጋቢዎች አናታቸው በቅቤ ርሶ በጭብጨባ አደባባዩን ይዞራሉ። ወጣቶች ጦር ይዘው እየዘለሉ መሬቱን ያንቀጠቅጡታል። ለቅርጫ በሬ የሚታረድበት ዳገት ሥር በሬዎች ተጠልፈው ይወድቃሉ፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሰው እልል ይላል። እናቴ ቆጮና ትኩስ ሥጋ በሚያቃጥል ዳጣ እየጠቀለለች በቀኝ እጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች፣ ልጅ እንደሆንኩ ሁሉ። ቦርዴ ጠጣሁ። ሳቅኩ። ስስቅ ደግሞ ወንድሜ አጠገቤ እንደሌለ አየሁ።

ከሕዝቡ መሃል ወደ ማረጃው ሮጥኩ። ነጋዴውና ሚስቱ ከታችኛው መንገድ ገና እየወጡ ነበር። ወንድሜ መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ቢላዋው በእጁ ነው። በዚያ ቦታ ሰው ሁሉ ቢላዋ ይዞ ስለነበር ማንም አላየውም። ልብሱ በበሬ ደም ተረጭቷል። ነጋዴው አየው፣ ቆመ። አልሸሸም። መንጋጋው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ ቀርቷል። ቀኝ እጁን ወደፊት ዘረጋለት፣ ጣቶቹን ከፍቶ። «ውሰድ» አለ በማይጠራ አፍ። «ውሰድና ይብቃን።»

ወንድሜ እጁን ያዘው። አንድ ድንጋይ ላይ አሳረፈው። ጮኽኩ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ያን ጊዜ ከአደባባዩ ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው ደረሱና በሁለቱ መሃል ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። አንደኛው ዕድሜያቸው የእናቴን አባት ያህላል። ሳሩን ወደ ሁለቱ ዘረጉ። በዚያ አገር ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ እጁን የሚያነሳ የለም። ወንድሜ ትንፋሹ እንደ በሬው ወፈረ። ቢላዋው ወደቀ።

እዚያው በክብ ተቀመጥን። ሽማግሌው አማርኛቸው የጋሞኛ ነው፤ እኔንም በወንድ አንቀጽ ነበር የሚያናግሩኝ። «ጎሜ አለ» አሉ። የተደበቀ በደል ማለታቸው ነው፤ ሳይነገር ከቀረ ምድሩንም ሰዉንም ይመታል ብለው ያምናሉ። «ደሙን አይተናል። ከደሙ በፊት የሆነውን አላየንም። የደበቀ ካለ ይናገር።»

ነጋዴው ስድቡን ተናዘዘ። ወንድሜ ቱቦውን ተናዘዘ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ?»

«ሽቦውን የማላቅቀው እኔ ነበርኩ» አልኩ።

ወንድሜ ያልሰማ መሰለኝ። «ሰባት እሑድ» አልኩ ደግሜ። «ሌላ ማንም አልነካውም።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አለች ሚስቱ። ተነስታ ቆመች። መሀረቧን ፈትታ ጥርሱን ሳሩ ላይ አስቀመጠችው። ማንንም ሳትመለከት፣ በመዝሙር ድምፅዋ፣ የትኛው እሑድ የቱ አካሏ እንደተመታ ተናገረች። የጎን አጥንቷን። የጆሮዋን። ከሁለት ዓመት በፊት በስድስተኛ ወሯ የወረደባትን ፅንስ። አደባባዩ ላይ ጭብጨባው እንደቀጠለ ነበር።

ነጋዴው ብድግ አለና እጁን አነሳባት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳሩ ባለበት። አንዱ ሽማግሌ አንጓውን ያዙት፤ እጁ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። እሱ ራሱ ቀና ብሎ አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይመስል ነበር።

ወንድሜ ግን ወደኔ ነበር የሚያየው። «ሰባት እሑድ ጣሪያ ላይ ነበርኩ» አለኝ። «ሙያዬን የረሳሁ መስሎኝ ነበር። ከጦርነቱ ጋር አብሮ ከጭንቅላቴ የጠፋ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ መታኝ። አንድ ጊዜ፣ በመዳፉ፣ በሙሉ ክንዱ። ጆሮዬ ጮኸ፣ አፌ ውስጥ ደም ቀመስኩ፣ ወደ እናቴ እግር ወደቅኩ። ስነሳ እዚያው ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይንሰቀሰቅ ነበር።

ሽማግሌው የወንድሜንና የነጋዴውን አንጓ አንድ ላይ ያዙ። «ይህ እጅና ይህ እጅ አንድ ነው» አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሳሩን በራሳቸው ላይ አደረጉባቸው።

ዕርቁ እንዲህ አለቀ። በወንዶቹ መሃል ዳግም ጠብ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ነጋዴውን በሚስቱ ላይ እጁን እንዳያነሳ አስማሉት፤ እሱም ማለ፣ አለቀሰም። ከዚያ እሷን ወደ ቤትሽ ተመለሺ አሏት።

«አልመለስም» አለች። «አባቶች፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን አልመለስም።»

አንደኛው ሽማግሌ ተቆጧት። እናቴ፣ ዘመኗን ሙሉ በሽማግሌ ፊት ቃል ተንፍሳ የማታውቀው፣ ተነስታ ክንዷን ያዘችና ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ማንም አልከለከላት።

ከእናቴ ጋር ጥጥ እየፈተለች እስከ ጥር ቆየች። ወንድሜ በዚያው ሳምንት ቱቦውን ነቅሎ ሸጠና የጥገና ሱቅ ሲቀላ ከፈተ። አብሮኝ መኖሩን ግን አልቀጠለም፤ እኔ ነኝ እንዲወጣ የነገርኩት። «እሺ» አለኝ፣ መፍቻዎቹን ጠቀለለ። በየእሑዱ ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ ግባ እስክለው ይጠብቃል። የመታኝን አንስተን አናውቅም። እኔም ሰባቱን እሑድ ይቅር በለኝ ስለው «ከሁሉ የከፋኝ ብልሽቱን ስፈልገው አለመኖሩ ነበር» አለኝ።

በጥር ወር አንድ ማለዳ መናኸሪያ ሸኘኋት፣ እህቷ ዘንድ ወደ ሶዶ ስትሄድ። አንድ ዘንቢል ይዛ ነበር፤ እናቴ የሰጠቻት ጋቢ ትከሻዋ ላይ ነው። ነጋዴው ከሙዝ መኪኖቹ አጠገብ በሩቁ ቆሞ ያየን ነበር። አልቀረበም። እሷም አይታዋለች። አውቶብሱ ሞተሩን ሲያስነሳ የተቆረጠ እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ፣

«ያማል?» አለችኝ።

«ሲበርድ።»

«ሶዶ ይበርዳል» አለች። «ስትመጪ ጓንት እሠራልሻለሁ፣ ሦስት ጣት ያለው።»

ረዳቱ በሩን ገጭ ገጭ አደረገ። ገብታ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ አውቶብሱም በጫኖ አልፎ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።